የቮልሷ የፊት ወንበር

ለምታነቡኝ ሁሉ አንድ ነገር አስታውቃለሁ።

መኪና ገዛሁ።

ታኅሣሥ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሐሙሲት ላይ። ሌሊት አልነበረም። ጨለማ አልነበረም። ጅብም አልጮኸ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ነገሩን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ «መሽቶብህ ነው» ስለሚሉኝ ነው። አልመሸብኝም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። ልክ እንደ መሥሪያ ቤት።

አለቀ ከተባለ...

እንግዳው እባላለሁ። ወረታ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። መኪና መንዳት ግን ተምሬያለሁ። መንጃ ፈቃዴ ያን ቀን አንድ ወር ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ወንድም ነበረኝ። ደሳለው። ታናሼ ነው፤ ግን በአንድ ራስ ይበልጠኛል።

መተማ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ማሳ ላይ ሲሠራ ወባ ያዘው። ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ለእኔ የተደወለልኝ ሰኔ ሃያ አምስት ነው።

ለእናታችን አልተነገራትም።

የሀገራችንን ነገር ታውቃላችሁ። ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ተከቦ ይነገራል። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከግራም ከቀኝም መኖር አለበት።

እናቴ ገላነሽ የምትኖረው ቁሐር ሚካኤል፣ ሜዳው ላይ ነው። ሰኔ ሲያልቅ ያ ሜዳ ውሃ ይሆናል። ዘመድ ሊሰበሰብ ቀርቶ አህያም አይገባበት።

አጎቴ አያ ያየህ ያን ጊዜ ወሰኑ።

«ውሃው ይጉደል» አሉ።

ውሃው ጎደለ። ሲጎድል ሩዙ ደረሰ።

«ሩዙ ይግባ» አሉ።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። ቀበሌው በሙሉ ያውቃል፤ ቄሱ ያውቃሉ፤ ሕፃናቱ ያውቃሉ። እሷ ብቻ አታውቅም።

የእኔ ድርሻ መዋሸት ነበር። እሑድ እሑድ በጎረቤቷ በትሁን ስልክ ደውዬ «ደሳለው ደውሎልኝ ነበር፤ ሰላም ብሎሻል» እላታለሁ። አንዳንዴ ዝርዝር እጨምራለሁ። አንድ እሑድ ወፍሯል አልኩ። ሌላ እሑድ ጥርሱን አሞት ነበር አልኩ። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ተሽሎታል አልኩ፤ ከጀመሩ አይቀር መጨረስ ነው።

እሷ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«መኪናዋስ? ደህና ናት?»

ደሳለው ሲሄድ፣ «መኪና ይዤ ነው የምመጣልሽ፤ እዚህ በራፍሽ ላይ አቆማታለሁ» ብሏት ነበር። ሰው ሲሄድ የሚለው ነገር ነው። እሷ ግን ቃሉን የያዘችው መሰለኝ።

«ደህና ናት፣ እማዬ» እላለሁ።

«አደራ በላት» ትላለች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አላለቀስኩም። እንባ ዓይን ላይ ይቀራል፤ ዓይን ደግሞ ያሳብቃል። መጀመሪያ እኔ ያዝኩት። ኋላ ልልቀቀው ብልም አጣሁት። ጥርስ ልታስነቅሉ ሄዳችሁ፣ ከተወጋችሁ በኋላ ከንፈራችሁ የሌላ ሰው ከንፈር ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ከእግር እስከ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ።

መኪና ግዛ ያሉኝ አያ ያየህ ናቸው።

«ዘመድ ያለ ምክንያት ግቢዋ ቢጎርፍ ትነቃለች» አሉኝ። «አንተ መኪና ግዛ። የመኪና ምርቃት ነው ብለን እንሰበሰብ። እዚያው እናድራለን። ንጋት ላይ...»

«ንጋት ላይ» አልኩ።

«እስከዚያ ግን አንዲት ቃል እንዳታመልጥ። አባትህ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን አላወቀችም። እኛ ሳንይዛት ከሰማች፣ እንግዳው... ትከተለዋለች።»

እንዲህ ነው መኪና የገዛሁት።

ቮልስ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቀለሟ የአደረ ወተት ይመስላል። ከሌሎቹ ለምን እሷን መረጥክ ብትሉኝ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አየኋት፤ እሷን አልኩ።

ኮፈኑን ከፈትኩ።

ሞተር የለም።

የጋራዡን ባለቤት ማረውን አየሁት። አየኝ።

«ሞተሯስ?»

«ከኋላ ነው።»

«ውሃ የምሞላበትስ?»

«ውሃ አትጠጣም።»

ለራዲያተር ብዬ ያንጠለጠልኩትን ጀሪካን ቀስ አድርጌ ከኋላዬ አስቀመጥኩት። ማረው አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጨዋ ሰው ነው።

ሞተር አለበት ባልኩት ቦታ ትርፍ ጎማ ተኝቷል። ከጎማው ሥር አንዲት ቋጠሮ አለች። ነጭ ጨርቅ። ሦስት ጊዜ የተቋጠረች።

«ይቺስ?»

ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«የኔ አይደለችም።»

«የማን ናት?»

«እንጃ። መኪናዋ በሰኔ መጀመሪያ ከመተማ በጭነት መኪና ተጭና ነው የመጣች። ሞተሯን አውርጄ እስከ መስከረም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከዚች ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ቋጠሮዋ አብራ መጥታ ይሆናላ።»

«አልፈታሃትም?»

«የሰው ቋጠሮ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ሌባ ያልኩት ዓይነት ነገር አየሁ።

እኔም ኮፈኑን መልሼ ዘጋሁት።

የቀኙ የፊት ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ረጅም ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ዓይነት። ወደ ፊት ልስበው ሞከርኩ።

«አይነቃነቅም» አለ ማረው። «ለሁለት ሞክረነዋል። አይታጠፍምም።»

ዞሬ ከፊቷ ቆሜ ሳያት በቀኝ በኩል ዝቅ ብላለች።

«ዕድሜ ነው» አለ ማረው።

አልጠየቅኩትም ነበር...

ከሐሙሲት ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። አራተኛው ላይ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ስለቅ ዘላ ተነሳች። በእግር የሚሄድ ሰው አልቀደመኝም፤ ብስክሌት ግን ቀድሞኛል።

ያስተማረኝ ሰውዬ አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር። «ጀማሪ ሹፌር ጎን አያይም። ዓይንህን ከመንገዱ አትንቀል።»

እኔም አልነቀልኩም።

ትራፊክ አስቆመችኝ። መንጃ ፈቃዴን ገልብጣ አየችው።

«ገና ትኩስ ነው» አለች።

«አዎ።»

ጎንበስ አለች። እኔን አልፋ ወደ ቀኙ ወንበር አየች። ራሷን ነቀነቀች፤ ሰው ሰላም ሲሉ የሚነቀነቀውን።

«ብቻህን ብትሆን እዚሁ ትቀር ነበር» አለችኝ። «መንገድ የሚያይልህ ሰው ስላለህ ነው። ቀስ እያላችሁ።»

አመሰገንኳት።

ጎን አላየሁም።

ጉማራ ድልድዩ ጋ ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ እጇን አነሳች። ለመቆም ትንሽ ስለዘገየሁ ሮጣ ደረሰችብኝ።

«ወረታ ነህ፣ ወንድምዓለም?»

«ነኝ። ግቢ።»

በቀኝ በኩል ዞረች። እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች። ከዚያ በመስኮቱ አየች።

«ውይ...» አለች። «ሞልቷል ለካ።»

«ኧረ አልሞላም።»

«ይሁን፣ ይሁን። ሌላ ይመጣል።»

ወደ ኋላ ሄደች። ስነሳ በስፖኪዮው አየኋት። ዶሮዋን በአንድ እጇ ጠበቅ አድርጋ፣ በሌላው ሦስት ጊዜ አማተበች።

ልፈራ ይገባኝ ነበር። አውቃለሁ። ፍርሃቱን ፈልጌ ነበር፤ አጣሁት። እንባዬ የሄደበት ሄዶ ይሆናል።

ወረታ ስደርስ ሽማግሌዎቹ እንዲቀመጡ ብዬ መጥረጊያ አመጣሁ። የቀኙ ወንበር ላይ ሰሊጥ አገኘሁ። እፍኝ የማይሞላ። ፎገራ ላይ ሰሊጥ የሚዘራ ሰው የለም። ሩዝ ነው፣ ጓያ ነው፣ ሽምብራ ነው።

ግን ከመተማ የመጣች መኪና ሰሊጥ ቢኖርባት ምን ይደንቃል?

ጠረግኩት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አያ ያየህና ቄስ ገብረማርያም መጡ። ቄሱ መስቀላቸውን፣ ጸበላቸውን ይዘዋል። አያ ያየህ አንድ ፌስታል አንጠልጥለዋል። ፌስታሉ ውስጥ ጥቁር ልብስ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለነገ ንጋት።

ቄስ ባለበት ቄስ ከፊት ይቀመጣል። ይህ የማይጠየቅ ነገር ነው። ሄጄ የቀኙን በር ከፈትኩላቸው።

«አባ፣ ይግቡ።»

ቄስ ገብረማርያም ወንበሩን አዩ።

«አይ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ከኋላ ይሻለኛል።»

«እንግዲያ አያ ያየህ...»

«እኔም ከአባ ጋር» አሉ አያ ያየህ፤ ቶሎ።

ቮልስ በሩ ሁለት ብቻ ነው። ከኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት፤ የቀኙ ደግሞ አይታጠፍም። እናም ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ጥምጥማቸውን እንደያዙ፣ በእኔ በኩል እየተጎነበሱ፣ እየተረጋገጡ ገቡ። የፊቱ ወንበር ባዶውን ቀረ።



አስፋልቱን ለቀን ወደ ሜዳው ገባን። አያ ያየህ ከኋላ ሆነው ያስጠኑኛል።

«ስንደርስ ሳቅ።»

«እሺ።»

«እስቲ ሳቅ።»

ሳቅኩ።

«እሱን ተወው። ዝም ብትል ይሻላል።»

ነዶው ተሰብስቦ አልቋል። ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። መንሽ የያዙ ሰዎች መኪናዋን ሲያዩ ሥራ ያቆማሉ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን ያወልቃል። ለአዲስ መኪና ባርኔጣ አይወለቅም። ባርኔጣ የሚወለቀው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«መኪና ስለማያውቁ ነው» አሉ አያ ያየህ።

«ስለማያውቁ ነው» አሉ ቄስ ገብረማርያም።

መንገዱ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት ትንሽ ቀደም ብሎ ክረምት የተወው ቦይ አለ። ጭቃው ገና አልደረቀም። ማርሽ ሳልቀይር ገባሁበት። የኋላ ጎማዋ ዞረ፣ ዞረ... ሰጠመ።

«መውጣት ነው» አሉ አያ ያየህ።

ወረድን። ሦስታችንም ከኋላ ሆነን መግፋት ጀመርን። ቄስ ገብረማርያም ልብሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ አስረዋል።

«ሆ... በል!»

ተነቃነቀች።

«ሆ... በል!»

ወጣች። ሽማግሌዎቹ አቅም የላቸውም፤ እኔም ጎበዝ አይደለሁም። ግን እንደ ቅል ቀልላ ወጣች። ከእጃችን አመለጠች። ሃያ እርምጃ ያህል ብቻዋን ሄደች... ከመታጠፊያው ደረሰች... ወደ ግራ ታጠፈች።

ቀስ ብላ። እንደሚያውቅ ሰው።

ከዚያ መንገዱ ዳር ይዛ ቆመች።

የፍሬን መብራቷ በርቶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ሦስታችንም ስንገፋ ነበር። መሪውን የያዘ ሰው አልነበረም። ልምድ ያለው ሹፌር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። እኔ ጀማሪ ነኝ፤ አልጠየቅኩም።

ሦስታችንም ቆመን አየናት።

መብራቱ ጠፋ።

አያ ያየህ ጎንበስ ብለው ከጉልበታቸው ላይ ጭቃ አራገፉ። ቄስ ገብረማርያም ልብሳቸውን ፈትተው አስተካከሉ።

«ጥሩ መኪና ናት» አሉ አያ ያየህ።

«ባርኳት» አሉ ቄሱ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም።

አምስት ወር አብረን የዋሸን ሰዎች ነን። አንድ ተጨማሪ ነገር መደበቅ አላቃተንም።

ሄደን ገባን። በእኔ በኩል። ስነሳ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። የቀኙ ወንበር ላይ እንደገና ሰሊጥ አለ። ከወንበሩ ሥር ወለሉ ውሃ ይዟል። ውሃው ላይ ሁለት የጭቃ እግር ዱካ።

አንደኛው ከሌላው ትንሽ ቀደም ብሎ...

እግሩን ዘርግቶ ነበር።

ጀማሪ ሹፌር ጎን አያይም።

እናቴ ግቢ ስንደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ዘመድ ሞልቷል። ጾም ስለሆነ የታረደ ነገር የለም፤ የሩዝ ገንፎና ሽሮ ተሠርቷል። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ሁሉም ደግሞ ፌስታል ይዟል። አርባ የሚሆን ሰው፣ አርባ የሚሆን ፌስታል።

«እልልልልል!» አለች ትሁን። ሌሎቹም ተከተሏት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እልልታ አልሰማሁም። አፉ ይላል፣ ዓይኑ አይልም።

እናቴ ከቤት ወጣች። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ። ትንሽ ቀጥናለች እንጂ ደህና ናት።

እጄን ዘርግቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

አለፈችኝ።

በመኪናዋ ፊት ዞረች። በቀኙ በር ቆመች። መዳፏን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

«ደከመህ?» አለች። ወደ ውስጥ። በጣም በዝግታ።

እልልታው ተቋረጠ።

አያ ያየህ ሳል ሳሉ።

«መኪናዋን ነው» አሉ ለሰዉ። «መኪናዋን ነው የምታናግር።»

«አዎ፣ መኪናዋን ነው» አለ ሰዉ። «ምን ታድርግ፣ ደስ ብሏት ነው።»

ቄስ ገብረማርያም ጸበል መርጨት ጀመሩ። ጸሎት እያደረሱ መኪናዋን ዞሯት። ከእኔ በር ጀምረው፣ በኋላ በኩል አድርገው፣ ቀኙ በር ላይ ደረሱ። እዚያ ላይ መስቀሉን ወደ መስኮቱ አቀረቡ። ዝቅ አድርገው። የተቀመጠ ሰው ግንባር የሚደርስበት ከፍታ ላይ። ሰው መስቀል ሲሳለም የሚቆየውን ያህል እዚያ አቆዩት።

ከዚያ እያየናቸው መሆኑን አወቁ። በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ወለወሉት።

«አቧራ» አሉ።

«አቧራ ነው» አለ ሰዉ።

እናቴ ሁላችንንም አየችን። አንድ በአንድ። ፌስታሎቹን አየች። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም። ልጆች ተደብቀው እግራቸው ሲታይ እንደምታዩአቸው አየችን።

«አያ ያየህ» አለች።

«ወይ።»

«ሩዙ ገባ?»

«ገባ፣ ገላነሽ።»

«የሁላችሁም?»

«የሁላችንም።»

«ማሳ ላይ የቀረ ነዶ የለም? የነትሁንም?»

«የኛም ገባ፣ እትዬ» አለች ትሁን።

«እንግዲያ ይበቃል» አለች እናቴ። «እንግዳው፣ ፊቷን ክፈታት።»

«ምኑን፣ እማዬ?»

«ፊቷን። ከጎማው ሥር ያለችውን ቋጠሮዬን አውጣልኝ።»

ስለ ቋጠሮዋ ለማንም አልተናገርኩም። ለአያ ያየህ አልተናገርኩም። እኔ ራሴም ረስቻት ነበር።

እጄ ኮፈኑን ከፈተ። እጄ ነው ያልኩት፣ እኔ አልነበርኩበትም። ጎማውን አነሳሁ። ቋጠሮዋ አለች። ሰጠኋት።

ሁለቱን ቋጠሮ በእጇ ፈታች። ሦስተኛውን በጥርሷ።

ሹሩባ ነው። ሽበት ያለው ረጅም ሹሩባ፣ ከሥሩ የተቆረጠ።



አያ ያየህ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ። «ገላነሽ፣ ይህ ምንድን...»

እናቴ ሻሿን አወለቀች።

ራሷ ተላጭቷል። ዛሬ አይደለም። ትናንትም አይደለም። ተላጭቶ እንደገና የበቀለ፣ ከጣት አንጓ የማይበልጥ ነጭ ጠጉር ነው። የአምስት ወር ጠጉር። እናት ራሷን የምትላጨው ለምን እንደሆነ እዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ሰኔ ሃያ ሦስት» አለች። «ዝናቡ ሲጥል አድሮ ነበር። በዚህችው መጣ። እንደ ቃሉ እዚህ በራፌ ላይ አቆማት። ግባ ብለው፣ እግሬ ጭቃ ነው አለኝ። ጠጉሬን ቆርጬ፣ ቋጥሬ ሰጠሁት፤ ወንድሜ ይመልስልሻል አለኝ።»

ሰኔ ሃያ ሦስት። ሞተሯ ሐሙሲት፣ ማረው ጠረጴዛ ላይ በነበረ ጊዜ። ሜዳው ውሃ መሆን በጀመረበት ጊዜ። እኔ ራሴ ገና ባልሰማሁበት ጊዜ።

«ታዲያ... ታዲያ ለምን...» አሉ አያ ያየህ። ድምፃቸው ከየት እንደሚወጣ የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር።

«ለቅሶ ላይ ብትቀመጡ ያ ሁሉ ሩዝ ማሳ ላይ ይረግፍ ነበራ» አለች። «ሁላችሁም ደግሞ እንዲያ ስትጨነቁልኝ... እንዲከፋችሁ አልፈለግኩም።»

ወደ እኔ ዞረች።

«እሑድ እሑድ ስትደውል ግን ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። «ወፍሯል ያልከኝ ቀን፣ እንግዳው፣ እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ።»

መጀመሪያ የተንኮሻኮሸው የትሁን ፌስታል ነው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። ጥቁሩ መውጣት ጀመረ። አርባ ፌስታል ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር... ሩቅ ያለ ዝናብ ይመስላል።

እኔ ኮፈኑን ይዤ ቆሜያለሁ። ፊቴን ነካሁት። ደረቅ ነው።

እናቴ ሄዳ በራፏ ላይ ካለው መደብ ተቀመጠች፤ መሃሉ ላይ፣ ሹሩባዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ወደ መኪናዋ እያየች።

ከአጠገቤ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ።

መኪናዋ በቀኝ በኩል ቀስ ብላ ቀና አለች። ሰው ሲወርድ እንደምትሆነው። በሩ አልተከፈተም።

አያ ያየህ አዩ። ቄስ ገብረማርያም አዩ። በዚህ ጊዜ አቧራ ነው ያለ የለም።

እናቴ መደቡ ላይ ፈቀቅ አለች።

የአንድ ሰው ቦታ ያህል።